በታሬላ ቤይ ስለሚቆመውና ማንንም ስለማያወርደው የቅዳሜ ባቡር

ለክቡር ሚስተር ሌስተር ዋርበርተን
የምሥራቅ ሸለቆ ባቡር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ወደ ባሕር በሚሄደው የቅዳሜ ባቡር ላይ ያስቆለፉትን የመጨረሻ ፉርጎ እንዲያስከፍቱልን ለመጠየቅ ነው። ጉዳዬ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ሥራ በዝቶብዎ ከሆነ እዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ። ፋታ ካለዎ ግን አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ መልካም ጤንነትን፣ በተለይም ረጅም ትዕግሥትን እመኛለሁ፤ በአገልግሎትዎ ለሚጓዝ ሰው ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው እኛ የኩልባራ ነዋሪዎች በዚህ በጋ በሚገባ ተምረናልና።

ከተማችን በስንዴ ማሳ የተከበበች፣ ከባሕር የራቀች ናት። ካቻምና ወንዙ ሞልቶ በገባብን ጊዜ ጎረቤቴ ወይዘሮ መርል ጀልባ እስኪደርስላቸው ድረስ በቤታቸው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ሲወርዱ በመጀመሪያ የተናገሩት፣ “ውሃው ሌላ ጊዜ ሲመጣ እዚህ ላይ ተጎልቼ አያገኘኝም፤ ዋና ልማር ነው። አንቺም ትመጫለሽ፣ ምሁር! መጽሐፍሽ እንደሆነ አያንሳፍፍሽም” የሚል ነበር። የከተማው መዋኛ በደለል ተሞልቶ እስከ ዛሬ ስላልተከፈተ፣ በየቅዳሜው በእርስዎ ባቡር ወደ ታሬላ ቤይ እየወረድን፣ ከዓለት ተፈልፍሎ በተሠራው የባሕር መዋኛ ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡት የነፍስ አድን ሠራተኛ ከወይዘሮ ኖሪን ዘንድ እንማር ጀመር።

የታሬላ ቤይ መሳፈሪያ አጭር መሆኑን፣ ከባቡሩም ወደ እርሱ የሚደርሰው የመጨረሻው ፉርጎ ብቻ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። እኛ ግን ባቡሩ ከጣቢያው በፊት ካለው ዋሻ እንደወጣ ፎጣችንን አንገታችን ላይ ጠምጥመን፣ የበረዶ ሣጥናችንን እየጎተትን ወደ ኋላ መጉረፍን እንደ ደንብ ይዘነዋል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ በፊተኞቹ ፉርጎዎች ተቀምጦ ከታየም፣ “ለባሕር ከሆነ ወደ ኋላ፣ ወዳጄ! እዚያ ከተጎለትክ ከተራራው ማዶ ነው የምትወርደው!” ብሎ የማያስነሣው የለም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1. በቅዳሜና እሑድ መንገደኛው ጥቂት ነው በሚል ለጽዳት የሚወጣውን ድካም ለመቀነስ የመጨረሻውን ፉርጎ ስላስቆለፉልን እናመሰግናለን። ባቡሩ ዛሬም በታሬላ ቤይ ደንቡን ጠብቆ ይቆማል። የፊተኞቹ ፉርጎዎች በሮች ከሥራቸው መሳፈሪያ ስለሌለ ለደኅንነታችን ሲባል አይከፈቱም፤ የኋለኛውም በር የተቆለፈ ስለሆነ አይከፈትም። ስለዚህ ሁላችንም በመስታወቱ ባሕሩን በአክብሮት ተመልክተን ወደ ተራራው ማዶ እናልፋለን፤ ስንመለስም ለሁለተኛ ጊዜ እንመለከተዋለን።

2. ሠራተኞችዎን ከፈተና ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወይዘሮ መርል የተቆለፈውን በር እየደበደቡ ትኬት ተቆጣጣሪውን፣ “ክላይቭ፣ ልጄ፣ ክፈትልኝ እንጂ! ኖሪን ውሃ ውስጥ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው” ቢሉት፣

“ቁልፉ እኔ ጋ የለም፣ እናቴ። ቢሮ ወስደውታል” አላቸው።

“እንግዲያው በመስኮት ልውጣ።”

“እሱም አይከፈትም። አዲስ ነው እኮ።”

“ይገርማል! ጣሪያ ላይ ሆኜ እንኳ ያየኝ ሰው ጀልባ ይዞ ነበር” አሉና ተቀመጡ። ወይዘሮ ኖሪን እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡልን ነበር፤ እኛም ከመስታወቱ ጀርባ ሆነን አውለበለብን። ሰላምታ መስሏቸው ሳቁ።

3. ከሁሉ በላይ ግን ቀደም ሲል ላቀረብኩት አቤቱታ ከቢሮዎ ለተላከልኝ ሳይንሳዊ መልስ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፉርጎው ከተቆለፈ ወዲህ በታሬላ ቤይ የወረደ አንድም መንገደኛ እንዳልተመዘገበ፣ በዚህም ምክንያት ጣቢያው ከቅዳሜው ጉዞ ጨርሶ እንዲሰረዝ በማርች ወር ለቦርዱ ሐሳብ እንደሚቀርብ ተገልጾልኛል። እኔ የምሠራው በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የአጠናንዎን ዘዴ ተከትዬ በሩን ለአንድ ወር ብቆልፈው ኩልባራ ማንበብ የማይወድ ሕዝብ መሆኑን ለማረጋገጥ እንደምችል አልጠራጠርም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ፈገግ ብለው ካነበቡ የሚቀጥለውን ያለ ፈገግታ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ወይዘሮ መርል በመጨረሻ በወረድንበት ቅዳሜ በጀርባቸው ተንጋልለው፣ ከአንገታቸው ሥር የወይዘሮ ኖሪን ሁለት ጣቶች ብቻ ቀርተው፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ተንሳፍፈው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያም ጣቶች ሊነሱ ነበር። ማርች ሲያልቅ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ትምህርቱ እስከሚቀጥለው በጋ ይዘጋል፤ ወንዛችን ደግሞ የሚሞላው ያ በጋ ሳይመጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወይዘሮ መርል ጣቢያ አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ ባይ፣ ረጅም መሰላል ከግድግዳው አስደግፈው ከጣሪያው ጫፍ ጋር በሽቦ ያስራሉ። ምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “ዋናው ካልሆነ መሰላሉ ነው። ነይ፣ ያዢልኝ” አሉኝ። ያዝኩላቸው።

ስለዚህ የመጨረሻው ፉርጎ ቁልፍ እስከ አርብ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን፣ ከቀትር በፊት ለክላይቭ እጅ በእጅ እንዲሰጥና በማግስቱ ቅዳሜ በሩ በታሬላ ቤይ እንዲከፈት በትሕትና እጠይቃለሁ።

አቤቱታዬ ከጠረጴዛዎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሳይዛወር መልስ እስኪያገኝ ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ፣ እንደ ባቡርዎ በሰዓቱ ደርሼ፣ እንደ ባቡርዎ ምንም ሳልፈጽም መመለስን የማልወድ፣

አክባሪዎ
ሮዌና ፔንግሊ
ኩልባራ፣ ፌብሩዋሪ 16

ማስታወሻ፦ በጣቢያችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ አንዲት ሴት ግንባሯን ከባቡሩ መስታወት አስደግፋ ባሕሩን እያየች ፈገግ የምትልበትን ሥዕልዎን ለዓመታት ማስታወቂያ መስሎኝ ሳደንቀው ኖሬያለሁ። የአገልግሎቱ ዝርዝር መግለጫ መሆኑን ባለመረዳቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።