ቧንቧ በቫኪዩም ለሚነፉት የንጽህና ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ፈንታ፣
በአዋሽ ሰባት ኪሎ የምግብ ቤቶች ንጽህና ተቆጣጣሪ፣ የአንድ ግድግዳ ጎረቤቴ፤

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለቫኪዩምዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ለማወቅ ቢሹ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ባሸጉት ምግብ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ የመጻፊያ ጊዜ አላጣሁም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ የእርስዎ ቢሮና የእኔ ምግብ ቤት በአንድ ሕንፃ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ የእርስዎ እጅ መታጠቢያና የእኔ ዕቃ ማጠቢያ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ፍሳሻቸው በአንድ ቧንቧ ይወጣል። ቫኪዩሙ ደግሞ አቧራ የሚስብ ማሽን ሲሆን፣ ለአዳራሽዎ ምንጣፍ ማጽጃ ተብሎ ከሰመራ የተላከ ነው። ምንጣፉ እስካሁን አልደረሰም። እጅ አጣጥፎ መጠበቅ የማይወዱ ሹም በመሆንዎ ማሽኑን ለሌላ ሥራ አውለውታልና፣ ውለታዎን በተራ እዘረዝራለሁ።

1. የንጽህና መመሪያውን ለመስቀል ግድግዳ በድሪል ሲያስበሱ፣ አቧራው ቢሮዎን እንዳያቆሽሽ ቫኪዩሙን ከቀዳዳው ሥር ማስያዝዎን አደንቃለሁ። ድሪሉ ግድግዳውን ዘልቆ ሲመጣ ግን በዚህ ወገን ቫኪዩም የያዘ ሰው ስላልነበረ አቧራውን የሩዝ ድስቴ ተቀብሎታል። በእርስዎ በኩል አንዲት ብናኝ እንዳልወደቀች ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

2. መታጠቢያዎ በሻይ ቅጠል ሲደፈን ቧንቧ ሠራተኛ በመጥራት ማንንም አላስቸገሩም፤ ለደረቅ አቧራ የተሠራውን ማሽን ውሃ አጠጡት እንጂ። ከረጢቱ ፈነዳ፣ የጋራ ፊውዛችን ተቃጠለ፣ በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሬ ቆመ፣ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋም ሳይመሽ ሸተተ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ማሽኑ ፀሐይ ላይ ውሎ መዳኑን ስሰማ ግን እንደ ጎረቤት እፎይ ብያለሁ።

3. ከመሾምዎ በፊት ጋራዥ ይሠሩ ስለነበር፣ የተዘጋ የናፍጣ መስመር በአየር እንደሚነፋ ሁሉ የተዘጋ ፍሳሽም ይነፋል ብለው ማመንዎ አልገረመኝም። የናፍጣ መስመር ከሰው ወጥ ቤት ጋር አለመገናኘቱን ዘንግተውት ይሆናል። የቫኪዩሙን ቱቦ ከሚስብበት አፍ ነቅለው አየር በሚተፋበት ጀርባው ሰክተው፣ ሌላውን ጫፍ መታጠቢያዎ ቀዳዳ ውስጥ ከትተው፣ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቀው ሲለቁት፣ ቧንቧው ውስጥ የከረመው ሁሉ በእኔ ዕቃ ማጠቢያ ገንፍሎ ወጣ። ቀኑ ጁምዓ ነበር፤ ከሶላት የተመለሱ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ቤቱን ሞልተው ምሳ ይበሉ ነበር፤ ወጥ ቤቴን ከእነርሱ የሚለየው ደግሞ መጋረጃ ብቻ ነው። የዘወትር ደንበኛዬ ጀማሉዲን ሳህኑን አንሥቶ ቆመና «እቴ ሐቢባ፣ ዛሬስ መረቁን በቧንቧ አመጣሽልን» አለ። ምግብ አብሳዬ ቦጋለች አለቀሰች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

4. ከሁሉ የደነቀኝ ፍጥነትዎ ነው። ቀዳዳው ለተደፈነ መታጠቢያ ሰው ለመጥራት ጊዜ ያጡት እርስዎ፣ እኛ ወለሉን ጠርገን ሳንጨርስ፣ እጅጌዎ እንደ ረጠበ መጥተው «ፍሳሽ ወደ ምግብ ማዘጋጃ ይገባል» በማለት ቤቴን አሸጉ። ያሉት እውነት ነው። ማን እንደ ላከው ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሳሽም ዳኛም የሆነ ሰው አይቻለሁ፤ ጥፋቱን ጭምር ራሱ ሠርቶ ሌላውን ከሥራ የሚያሳርፍ ሹም ግን ያገኘሁት ዘንድሮ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ትቼ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ሹፌር የለመደውን ቤት ቶሎ አይተውም፤ አንዴ ከተወ ግን አይመለስም። መኪኖቹ ከእኔ በር አልፈው ሌላ ምግብ ቤት ደጃፍ መቆም ጀምረዋል። ነገሩ ከዚህ በላይ ከዘገየ፣ ማሸጊያውን ቢያነሡም የሚከፍቱልኝ ባዶ ቤት ነው። ከወሎ መጥቼ ድስት ጥጄ ያቆምኩት፣ ቦጋለችም ልጆቿን የምታሳድግበት ቤት ነውና፣ ሌላ ፍርድ ሳልጠይቅ እንዲከፈትልኝ ብቻ እለምናለሁ።

የጎረቤትነትዎ ጥላ ከራሴ ላይ እንዳይነሣ፣ ከተቻለ ግን ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ከሚጸልየው አክብሮቴ ጋር፣

ሐቢባ፣ ከግድግዳው ወዲህ

ግልባጭ፦ ምንጣፉ የት እንደ ደረሰ ለሚያውቅ ሁሉ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ሊያሽጉ በመጡ ጊዜ፣ ፍሳሹ ዳግመኛ እንዳይገባ ማጠቢያዬን አጥብቄ ደፍኜ ነው የወጣሁት። ዛሬ ጠዋት ውሃው መውጫ አጥቶ በእርስዎ መታጠቢያ በኩል መመለስ እንደ ጀመረ፣ ጸሐፊዎ ታንጉትም ጫማዋን አውልቃ እንደምትሠራ ሰምቼ አዝኛለሁ። የጋራ ቧንቧችን ተከፍቶ የሚጠረግበት ክዳን ያለው በእኔ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። የበሩ ቁልፍ በእጄ ነው፤ ማኅተሙ ግን የእርስዎ ነውና፣ ማንም እንዳይነካው በጥብቅ ባስጠነቀቁኝ መሠረት አልነካሁትም።