ግማሹ ውጤት የት ይሄዳል?

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሲስተር ዘነበች ዛሬ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ኦሞራቴ ላይ የቲቢ ሕሙማንን የምትከታተል ነርስ ናት። ስትናደድ ድምጿን አታነሳም፣ ትቀንሳለች። ዛሬ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።

"ምሕረት፣ የሴትየዋ ውጤት አልመጣም። ላብራቶሪው ልኬያለሁ ይላል። አንቺ ሲስተሙ ደህና ነው ትያለሽ። ታዲያ ማን በላው?"

እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፤ ውጤት ከላብራቶሪ ወደየጣቢያው የሚያስተላልፈውን ሲስተም የምይዘው እኔ ነኝ።

የሴትየዋን ስም እዚህ አልጽፍም። ከዳሰነች ብሔረሰብ ናት። የዓመት ተኩል ልጅ አለቻት። ከዚህ በፊት መድኃኒት ጀምራ አቋርጣ ነበር፣ አሁን እንደገና አመማት። በሽታው የተለመደውን መድኃኒት እምቢ የሚል ዓይነት ይሁን አይሁን ከምርመራው ካልታወቀ የቱን እንደሚሰጧት አያውቁም። እስከዚያ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ለብቻዋ ትተኛለች። ልጅቷ ማታ ስታለቅስ ትሰማታለች አለችኝ ሲስተር። ይሄን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ጂንካ ያለው ላብራቶሪ ውጤቱን የላከው ጥቅምት 14 ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ቅዳሜ የባሏ ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ወደ ሐይቁ በኩል ይነሳል፤ እሷም አብራ ትሄዳለች። ከሄደች መቼ እንደምትገኝ እግዜር ይወቅ።

ውጤት በስልክ መናገር ክልክል ነው። አምና ስማቸው አንድ የሆነ የሁለት ሰዎች ውጤት በስልክ ተምታታ፤ ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ ካልሆነ አይወጣም። መኪናው ኦሞራቴ የሚወርደው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሄዶ ተመልሷል።

መልእክት የሚያልፍበትን መስመር፣ ቻናሉን፣ አየሁ። ኦሞራቴ ይሠራል ይላል። ወረፋ ይዞ የቀረ መልእክት የለም። "በእኛ በኩል ደህና ነው" ብዬ መለስኩላት። ይህን ቃል ስናገር ራሴን አልወደድኩትም።

ዝናቡ አላቆመም። ጫማዬን በር ላይ ትቼ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ጠሩኝና "እስቲ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሄድ እንደ ልጅ አስረጂኝ" አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ፣ እንደሚያውቅ ሰው አይሆኑም።

እንዲህ አልኳቸው። ላብራቶሪው ውጤት ሲጽፍ መልእክት ይሆናል። መልእክቱ ኪው ውስጥ ይገባል፣ ወረፋ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ወረፋ አለው። ቻናል የሚባለው መንገዱ ነው። መንገዱ ቢቆረጥ እንኳ መልእክቱ አይጠፋም፣ ተሰልፎ ይጠብቃል። ጣቢያዎቹ በሙሉ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ማኅበር ደግሞ ክላስተር ይባላል።

"ታዲያ አይጠፋም ካልሽ የት ሄደ?"

የላብራቶሪውን ዝርዝር ልይና እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪውን ዝርዝር ለምኜ አመጣሁና ከሲስተር ጋር በስልክ አስተያየን። የካርድ ቁጥር ብቻ፣ ስም የለም፣ ውጤት የለም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ለኦሞራቴ የተላከ፦ ሃያ ስምንት። የደረሳት፦ አሥራ አራት።

ልክ ግማሹ። እሱም ብቻ አይደለም፣ አንዱ ይደርሳል፣ ተከታዩ ይቀራል። አንዱ ይደርሳል፣ ተከታዩ ይቀራል። ሲስተር "እኛ እኮ ላብራቶሪው ሥራ በዝቶበት ነው ብለን ስንጠብቅ ነበር" አለች።

ብልሽት እንዲህ ሥርዓት ይዞ አይሄድም። አይጥ ገመድ ብትበላ ሁሉም ነው የሚቆመው። መብራት ሲጠፋም ሁሉም ነው። ይሄ የሰው እጅ ያለበት ይመስላል። ማን ይሆን? አንድ ሰው ላይ በልቤ ጣቴን ቀስሬያለሁ፤ ከእኔ በፊት እዚህ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ብዙ ነገር አዝረክርኮ ነው የሄደው።

ከመዘምራን ልምምድ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት ልበል?

ጠዋት መብራት አልነበረም፣ እስከ አምስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ስስል ቆየሁ። መብራት ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው ክላስተሩን ዲስፕሌይ ላደርግ፣ ማለትም ያለበትን ሁኔታ እንዲያሳየኝ፣ ትእዛዙን መጻፍ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ሁልጊዜ የኦሞራቴን ስም ጠቅሼ ኦሞራቴን ብቻ ነው የምጠይቀው። የታመመውን ጣቢያ ነዋ የሚያዩት። ዛሬ በስሙ ቦታ ኮከብ አደረግኩ፤ ሁሉንም አሳየኝ ማለት ነው።

ጣቢያዎቹ በሙሉ ከነቻናሎቻቸው ተዘረዘሩ። ሁሉም ይሠራሉ። ከዚያ በየቻናሉ ስንት መልእክት እንዳለፈ ጠየቅኩ። አርቦሬ ላይ ዓይኔ ቆመ። አርቦሬ ትንሽ ጣቢያ ናት፤ በወር ሁለት ሦስት ውጤት ቢሄድላት ነው። ያለፈው ግን ከኦሞራቴ ይበልጣል።

ቀጥሎ የኦሞራቴ የውጤት ኪው የት የት እንዳለ ጠየቅኩ። ሁለት መስመር መጣ። አንዱ ኦሞራቴ። አንዱ አርቦሬ።

ክላስተር አንድ ስም ያለው ኪው ሁለት ቦታ ካገኘ አያደላም። አንዱን እዚህ፣ ቀጣዩን እዚያ ያካፍላል። ማኅበር ነው ብያለሁ እኮ።

አርቦሬ ላይ የተፈጠረበትን ቀን አየሁ። መስከረም 18፣ አርብ።

ያ ልጅ የሄደው አምና ነው።

መስከረም 18 አርቦሬ የነበርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የእህቴ ሠርግ ነበር። ሹፌሩ የወይጦ ወንዝ ሳይሞላ እንለፍ እያለ ጥሩምባ ይነፋል፣ አዲሱን ማሽን ማስጀመር ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በሦስት ሰዓት ልጨርስ አልኩ። የኦሞራቴን ማሽን ማዋቀሪያ ፋይል እንዳለ አርቦሬ ላይ ገለበጥኩት። የጣቢያውን ስም ቀየርኩ። አዲስ የአርቦሬ ኪው ጨመርኩ። አብሮ የተገለበጠውን የኦሞራቴን ኪው ማጥፋት ረሳሁ። የሚያትመው ፕሮግራም እንኳ ሳይቀር ከሁለቱም ኪው እንዲያወጣ ሆኖ ቀረ።

ሠርጉ ላይ እንዴት እንደጨፈርኩ ትዝ አለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። አቶ ደሳለኝ ሲወጡ "ተገኘ?" አሉ። "እየተቃረብኩ ነው" አልኳቸው። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

መጀመሪያ የማውቀውን አደረግኩ። አርቦሬ ያለውን የኦሞራቴ ኪው ከክላስተሩ አወጣሁት፣ ባዶ መሆኑን አይቼ ሰረዝኩት። እንደገና በኮከቡ ዲስፕሌይ አደረግኩ። አሁን አንድ መስመር ብቻ። ሦስት ደቂቃ ፈጀ።

ቀጥሎ አርቦሬ ደወልኩ። ማሽኑን የሚይዘው ሆራ ነው፤ የዚያው አገር ሰው፣ ጸጥ ያለ። ማሽኑ የሳተላይት ዲሽ አለው፣ ስልኩ ግን ኔትወርክ የሚያገኘው ጉብታው ላይ ሲወጣ ነው። በስምንተኛው ሙከራ ተነሳ። ሆራ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው።

"ምሕረት! አንተ ደህና ነህ? እናትህ ደህና ነው?"

ደህና ናት አልኩና ውጤቶቹን ጠየቅኩት።

"አለ። አሥራ አራት ወረቀት አለ። ሁሉም አለ። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ አድርጌ አስቀመጥኩ።"

"ሆራ፣ ያንተ ሰዎች እንዳልሆኑ አላየህም?"

"አየሁ እንጂ! ስሙ የዳሰነች ነው። ከብት ይዞ ይመጣል አልኩ። ሣር እዚህ ሲበቅል ሰው ይመጣል። ጂንካ አውቆ ነው፣ ቀድሞ ወረቀቱን ላከ አልኩ። ባለቤቱ ሲመጣ ላብራቶሪ ሰነፍ ነው አይልም።" ሳቀ። ከዚያ አብሬው እንዳልሳቅኩ ሲገባው ተወው። "አጠፋሁ?"

እንዴት አጠፋህ እለዋለሁ? ወረቀቱ አናት ላይ የሚታተመው የሚያትመው ጣቢያ ስም ነው። አርቦሬ ይላል። እንደዚያ እንዲሆን ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ሰው ለግጦሽ እንደሚሄድ ያውቃል፣ ወረቀቱ ቀድሞት መጣ ብሎ ገመተ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የሰው ውጤት በላስቲክ ጠቅልሎ ጠብቋል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

"አንተ አላጠፋህም። እኔ ነኝ" አልኩት። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

የሴትየዋን የካርድ ቁጥር ነገርኩት። ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁ። "አለ" አለ። ውጤቱ ዓይኑ ሥር ነበር። አንብብልኝ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ያቺ አምና የሌላ ሰው ውጤት የተነገራት ሴት ትዝ አለችኝና ተውኩት። "አስቀምጠው" አልኩ።

አርብ፣ ኅዳር 7

ያለው መንገድ አንድ ነው። ላብራቶሪው እንደገና ይላክ። የላብራቶሪው ኃላፊ ግን አንዴ የተላከ ውጤት ምክንያቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ካልቀረበላቸው አይልኩም። ልክ ናቸው።

አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማን ያውቃል?"

"ሆራ። አሁን እርስዎ።"

"ኮንትራትሽ ታኅሣሥ ላይ ነው የሚታደሰው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር ብለሽ ጻፊ፣ እፈርማለሁ። የሴትየዋ ይላካል፣ አለቀ። እዚህ አገር ኔትወርክ ተቋረጠ ሲባል የሚገረም አለ?"

ስለሚያስቡልኝ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። "በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት የአንድ ታካሚ ውጤት..." አንድ ታካሚ። ሌሎቹ አሥራ ሦስቱስ? ኔትወርክ ካልኩ ማንም አይፈልጋቸውም። ሆራ ላስቲኩን እንደያዘ ይቀራል፣ ሰዎቹም ላብራቶሪው ረሳን እንዳሉ ይቀራሉ። ከመሃላቸው እንደሷ ለብቻው የሚተኛ ስንት እንዳለ እኔ አላውቅም።

ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ያደረግኩትን፣ የረሳሁትን፣ አሥራ አራቱን የካርድ ቁጥሮች፣ ስሜን። ፈረምኩ። አቶ ደሳለኝ ሁለት ጊዜ አነበቡና ፈረሙ። ስወጣ "ዣንጥላውን ያዢ፣ ዝናብ ነው" አሉኝ።

የላብራቶሪው ኃላፊ ነገ ጠዋት እንልካለን አሉ። ነገ ቅዳሜ ነው።

ማታ ለሲስተር ደወልኩላትና እሷንም ነገርኳት። እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን "አሥራ ሦስቱን ቁጥሮች ላኪልኝ፣ ከአሁኑ ፍለጋ ልጀምር" አለች። ባትሰድበኝም አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ፊት ነኝ። ቢሮው ውስጥ ማንም የለም፣ ውጪ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል።

2:40። ምንም።

3:05። ምንም። ላብራቶሪ ደወልኩ፣ "እየተዘጋጀ ነው"።

3:20። አንድ። ሁለት። አምስት። ኦሞራቴ ቻናል ላይ ቁጥሩ ሲጨምር በየደቂቃው ትእዛዙን እደጋግማለሁ። አሥር። አሥራ ሦስት። አርቦሬ ላይ አንድም አልጨመረም።

አሥራ አራት!

ብድግ ብዬ በባዶ ቢሮ አጨበጨብኩ። ዘበኛው መጥቶ በመስኮት አየኝ።

ሲስተር ደውላ "የሷ እጄ ላይ ነው" አለች። ከዚያ "ግን ንጋት ላይ ተነስተዋል" አለች። ተቀመጥኩ። የሰው ሞተር ሳይክል ለምና ነበር፤ ስልኩን ሳትዘጋ የሞተሩ ድምፅ መጣ።

ቀኑን ሙሉ ስልኳ አይሠራም። ልብስ አጠብኩ። ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ። ጸለይኩ፣ ከዚያ ደግሞ ጸሎቱ ለሷ ይሁን ለእኔ መለየት አቃተኝና ተውኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኩ ጮኸ።

ሲስተር ደርሳባቸዋለች። ከብቱ ውኃ ሲጠጣ ጥላ ሥር አርፈው ነው ያገኘቻቸው። የሴትየዋ በሽታ የተለመደው ዓይነት ነው፣ የተለመደው መድኃኒት ይሠራላታል። ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ሄዱ፣ እሷና እህቷ ልጅቷን ይዘው ወደ ኦሞራቴ ተመለሱ። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲስተር ፊት ዋጠች። ከሌሎቹ አሥራ ሦስት ውስጥ ዘጠኙ ኦሞራቴ አካባቢ አሉ። ሦስቱ ሩቅ ናቸው፣ ሰው ተልኮባቸዋል። አንዱ ሰውዬ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሲስተር እሱን ስትነግረኝ ድምጿ ቀነሰ።

"ለማንኛውም እሷን ላገናኝሽ፣ ወረቀቱን ማን ላከልኝ እያለች ነው" አለች። የሴትየዋ ድምፅ መጣ። ጎርነን ያለ ነው፣ መሃል ላይ ያስላታል። አንድም ቃል አልገባኝም። ከኋላ ሕፃን ይንጫጫል።

"ምን አለች?"

"እግዜር ይስጥሽ አለች። ደግሞ ከልጄ ጋር የምተኛው መቼ ነው አለችኝ። አሥራ አራት ሌሊት ዋጪ፣ ያን ጊዜ ለልጅሽ አይተላለፍም፣ ከዚያ እናያለን አልኳት። ደስ ብሏታል።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ በይልኝ" አልኩ።

ሲስተር "ይሄንን ዛሬ አልተረጉምላትም። ሌላ ቀን ራስሽ መጥተሽ ትነግሪያታለሽ" አለችና ዘጋችው።

መንገድ ላይ ቆሜ በጣቶቼ ቆጠርኩ። ወረቀቱ ጥቅምት 14 በቀኑ ደርሷት በማግስቱ ብትጀምር ኖሮ አሥራ አራቱ ሌሊት ጥቅምት 29 ላይ አልቆ ነበር። ከዚያ እስከ ዛሬ አሥር ሌሊት ነው። አሥሩንም ሌሊት ልጅቷ እናቷ ጉያ ትተኛ ነበር።