ውሃ ያልነካው ሳሙና

ሰበታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕድላዊት
ድሬዳዋ

ዕድሌ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደኅና ነን። አዶናይን ጉንፋኑ ለቆታል። ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ማድረጉን ግን አልተወም፤ ባረምሁለት ቁጥር መልሶ ያዛውረዋል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ስደውል ግን ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርቼ እዘጋለሁ። መጻፍ ይሻለኛል።

ለሚካኤል የመጣሽ ዕለት በሩን ከፍተሽ ስትገቢ አዶናይ እየሮጠ መጣ፤ ሊያቅፍሽ መስሎኝ ነበር። አጠገብሽ ሲደርስ ቆመና ጣቱን ወደ ውስጥ ቀስሮ፣ "መጀመሪያ ታጠቢ! በረድ በዪ!" አለሽ። ልክ እንደ እኔ አድርጎ። ጎረቤታችን ውብአየሁ በሳቅ ፈነዳች። "እትዬ የሺ፣ ምክትል አገኙ!" አለች። እኔም ሳቅሁ። አንቺም ሳቅሽና "እሺ ጌታዬ" ብለሽ መታጠቢያ ቤት ገባሽ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ውሃ ሲባክን እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ስትወጪ ተከትዬ ገባሁ። ሳሙናውን ውሃ አልነካውም ነበር። ፎጣውንም እንዲሁ።

እዚህ ሳለሽም ማታ ከሥራ ስትመለሺ ቧንቧው እንዲሁ ሲፈስ ይቆይ ነበር። እኔ በሩን እያንኳኳሁ "ዕድላዊት! ውሃ በፈረቃ ነው!" እልሽ ነበር። ዓይንሽ ቀልቶ ስትወጪ እያየሁ፣ ምን ስታደርጊ እንደምትቆዪ አንድ ቀንም አልጠየቅሁሽም።

ከጌታቸው ጋር ተለያይታችሁ ሕፃኑን ታቅፈሽ ስትመጪ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የወሊድ ፈቃድሽ አልቆ ሥራ ስትጀምሪ፣ ከአየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ተጋፍተሽ ትመጫለሽ። ታጥበሽ፣ ልብስ ቀይረሽ፣ የመንገዱ ሙቀት እስኪወጣልሽ ተቀምጠሽ፣ የመጀመሪያውን ወተት አልበሽ ደፍተሽ ነበር ልጅሽን የምትይዢው። የሞቀ ጡት የሕፃን ሆድ ይነፋል ብላ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እጅ መታጠቡን ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን በየማለዳው ጥፍራችንን በማስመሪያ እየመቱ አስተምረውናል። "እማዬ፣ ሐኪሟ ምንም አይለውም ብላኛለች" ብትዪኝ፣ "ሐኪሟ ሲያመው መጥታ አታዝለውም" አልሁሽ።

አልተከራከርሽኝም። የሸሚዝሽ ደረት እንደራሰ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ትጠብቂያለሽ፤ እሱ ያለቅሳል። አንቺ እስክትበርጂ እኔ ጡጦውን እሰጠዋለሁ፤ ጠግቦ ትከሻዬ ላይ ይተኛል። "ተኛ እኮ፣ አትቀስቅሺው" እልሻለሁ። እሱን ትንሽ ማስጠበቅ ይቻል ነበር። ውሎ አድሮ ጡትሽን ጭራሽ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ለውብአየሁ "ሥራዋ ነው ወተቷን ያደረቀው" ብዬ ነገርኋት። አንቺም ሰምተሻል፤ በሩ ክፍት ነበር።

አንቺን ስወልድ ሆለታ አስተምር ነበር። ያሳደገችሽ ሠራተኛችን ማሪቱ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀርባዋ ላይ ተኝተሽ አገኝሻለሁ። "እትዬ፣ አሁን ገና መተኛቷ ነው" ትለኛለች፤ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። ማሪቱ ጥሩ ሴት ነበረች። የተኛ ልጅ ትከሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን በአዶናይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለሥራ ለጊዜው ተብለሽ ወደ ድሬዳዋ ስትሄጂ ሰው ሁሉ "እንዴት ልጇን ጥላ ትሄዳለች?" ሲል ዝም አልሁ። ለሚካኤል ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ በስልክ፣ "እማዬ፣ በወሩ መጨረሻ ዝውውሩን በቋሚነት ልፈርም ነው። ልጁ አንቺ ጋ ቢቀር ይሻለዋል" አልሽኝ። ለማታውቂው ሰው የምታወሪ ይመስል ነበር። "እንዳልሽ" አልሁሽ። ስልኩን ዘግቼ የአዶናይን ልብስ ሳጥፍ ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርሁ ነበር።

ሥራውን ፈርሚ። ልጁ ግን አንቺ ጋ ይሁን። ጎረቤትሽ አሪጅ፣ ቀን ቀን ከልጆቼ ጋር ልያዝልሽ ብላሽ የለ? "የማናውቃት ሴት!" ያልሁትን እርሺው። መመሪያም አልጽፍላትም። ወተቱ ብቻ በደንብ ይፈላ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ኦቦ እሸቴ ነው፤ በአይሱዙው ወደዚያ ዕቃ ይጭናል። የአዶናይን አልጋም አብሮ ያመጣልሻል። ብሎኖቹ በፌስታል ሆነው እግሩ ላይ ታስረዋል፤ አይጥፉ። ትናንት ሲፈታው ቀና ብሎ አየኝና፣ "አዴ የሺ፣ ታዲያ ልጁ የት ሊተኛ ነው?" አለኝ።

"እናቱ ጋ" አልሁት።

እስከ ቅዳሜ እኔ አጠገብ ይተኛል። ቅዳሜ በአውቶቡስ ይዤልሽ እመጣለሁ። አድሬ እመለሳለሁ፤ አልቆይም።

ሰሞኑን አዲስ ነገር እያስተማርሁት ነው። ከበሩ ውጭ እወጣና አንቺን መስዬ ተመልሼ እየገባሁ "እማማ መጣች!" ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ሮጦ ይመጣና መጀመሪያ መዳፌን ገልብጦ ያያል። ገና አልለቀቀውም። እስከ ቅዳሜ ይለምድ ይሆናል፤ ካልለመደም አንቺ አትስሚው። መናኸሪያ ስትቀበዪን፣ ላብ ቢያጠምቅሽም፣ አቧራ ቢሸፍንሽም፣ እንዳለሽ እቀፊው።

እመቤቴ ማርያም ከልጅሽ ጋር ታኑርሽ።

እናትሽ
የሺሃረግ