የሕመሜ ስብከት

ጥቅምት 26
ለተማሪዎቼ ማካፈል አስተማርኩ። ግማሾቹ ገባቸው፣ ግማሾቹ በብርድ ተኮራምተው ዋሉ። ማታ ልብስ ስቀይር ጡቴ ላይ ያለውን እብጠት ዳሰስኩት። አድጓል? ለሀብቴ ነገርኩት። "እመቤቴ ታውቃለች፣ አይዞሽ" ብሎኝ ወደ ማኅሌቱ ሮጠ። ቄስ ያገባች ሴት ባሏ የሚቸኩልበት በዓል አያልቅባትም።

ኅዳር 8
ከደብረ ብርሃን ተመለስን። ካንሰር ነው። ጉበቴም ላይ ደርሷል። ዶክተሩ እኔን ትቶ ሀብቴን ነው የሚያናግረው። "አሁን ቀዶ ጥገናው አይጠቅማትም፣ ማስታገሻ እንሰጣታለን" አለው። እኔ እዚያው ተቀምጬ! ሚኒባሱ መሐል ሜዳ እስኪደርስ ሀብቴ መቁጠሪያውን ሲቆጥር ነበር። ከዚያም እስከ ቤታችን፣ እስከ ዘመሮ።

ኅዳር 12
የሀብቴ እናት፣ እማማ ጌታነሽ መጡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ለእኔ መስሎኝ ሆዴ ባባ... ለካ ለልጃቸው ነው።
"ገና በሠላሳ አምስት ዓመቱ! አንቺ ከሞትሽ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ አግብቶ ክህነቱን ያጣል። ለእሱ ስትዪ ኑሪ" አሉኝ።
"እሺ እማማ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ኅዳር 13
ሀብቴ በየቀኑ ይጸልያል። ለእኔ ነው ለክህነቱ? ልጠይቀው አልኩና ፈራሁ። በዚያው እግዚአብሔር የሚፈትነኝ ስለሚወደኝ እንደሆነ ያስረዳኝ ጀመር። ቢጠላኝ ኖሮስ ምን ሊያደርገኝ ነበር?

ኅዳር 21
ጽዮን ማርያም። የሥራ ባልደረባዬ ሰብሊ ደግፋኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሀብቴ ሰበከ። ስለ እኔ!
"ባለቤቴ ሕመሟን እንደ በረከት ቆጥራ በደስታ ተቀብላዋለች" አለ።
ሴቶቹ እልል አሉ። ትናንት ትራስ ነክሼ ስጮኽ ትከሻዬን ይዞኝ የነበረው ማን ነው ታዲያ? ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፈገግ አልኩላቸው። እንዴት እንደጠላሁት...

ኅዳር 22
ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። በአንድ ስብከት ቅድስት ሆኜ አረፍኩት። አንዷማ በጓ መንታ እንድትወልድላት ጸልዪልኝ አለች።
ሲሄዱ "ዋሸሃቸው" አልኩት።
ሰው እንዲጽናና ብሎ እንደሆነ ነገረኝ።
"እኔንስ ማን ያጽናናኝ? አንድ እውነት ብቻ ንገረኝ። ለምን ታመምኩ?"
መስቀሉን ከእጁ አስቀመጠ።
"አላውቅም" አለ። "የምጸልየውም ለአንቺ ይሁን ለራሴ... እሱንም አላውቅም።"
ጭካኔ ነው። ግን ከታመምኩ ወዲህ ያልተሸፋፈነ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ አለቀሰ። እኔ ግን ዓይኔ ደርቋል። ይበለው አልኩ በሆዴ።

ታኅሣሥ 3
አመመኝ። መጻፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 19
ገብርኤል። ከአልጋ መነሳት ስላቃተኝ ቀረሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰብሊ እያለከለከች መጣች። ሀብቴ ለስብከት ተነስቶ፣ "ባለቤቴ በደስታ ተቀብላዋለች ያልኳችሁ ሐሰት ነው። እየጮኸች ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አብራችሁኝ ለምኑላት" ብሎ ቁጭ አለ አለችኝ። እልል ያለ የለም። ኪዳነ ምሕረትን እየተማጸኑ ያለቀሱ ግን ነበሩ።
ከሰዓት ሴቶቹ መጡ። ዛሬ ጸልዪልን ያለኝ የለም። አንዷ እግሬን አሸችልኝ። እማማ ጌታነሽ ደግሞ "ሸትተሻል፣ ተነሺ" ብለው ውኃ አሙቀው፣ እንደ ሕፃን አገላብጠው አጠቡኝ። ጡቴ ላይ የፈነዳው ቁስል ጋ ሲደርሱ ጨርቁን ትተው በመዳፋቸው ውኃ አፈሰሱበት። የልጃቸውን ስም አላነሱም።
ሁሉም ከሄዱ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ከደብረ ብርሃን ከተመለስን ጀምሮ "ፈቃድህ ትሁን" የምትለዋን እየዘለልኩ ነበር የምጸልየው። ለዚህች ፈቃዱ ምን ብዬ እሺ ልበለው? ዛሬ አልኳት። ተናድጄ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኳት። ንዴቴንም ይስማው፣ እንዳለሁ ይቀበለኝ... ተቀብሎኛል መሰለኝ።
ሀብቴ ከግርጌዬ ቁጭ ብሏል። አላውቅም ካለኝ ወዲህ ለምን እንደታመምኩ አላስረዳኝም። አሜን ብቻ አለ።