በአባባ ቀበቶ የታሰረው አኮርዲዮን

ደሞ በስልክ «ጭድ አትጎዝጉዝበት፣ ብናኙ ይገባበታል» ትለኛለህ? ጋሼ ዳዊት፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ እንደኔ የሚያሽግ ካለ ይምጣ። ለማንኛውም ሰላምታዬ ከቆቦ ማሽላ ዛላ ይብዛልህ።

ላክ ያልከኝን የአባባን አኮርዲዮን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ወናፉ እንዳይከፈት በአባባ ቀበቶ ጠፈርኩት፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ብበሳለትም አባባ ወገብ ላይ አልቆም ብሏል። የሚኒባሱ ረዳት «ጣራ ላይ ይሁን» ቢለኝ «አንተ ውጣ ጣራ ላይ» አልኩት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመጣልሃል።

ድሮ ስንነካበት በከዘራ የሚያባርረን ሰውዬ፣ ይዤው ስወጣ ከአልጋው ሳይነሳ አየኝ።

«ዳዊት ይዞት ይመጣል?» አለኝ።

«ለፋሲካ» አልኩት።

«ፋሲካ ሩቅ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እኔ እንቅልፍ አጥቼ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ። እግዜር መንገዱን ይጥረግልህ። የምትመጣበትን ቀን ቁረጥና ዛሬውኑ ደውል።

ታናሽህ ሞላ