መሪውን ማን ይዞ ነበር

ወንድሜ ሶረን፣

ተጎታች ቤቱ ጅራቱን ማወዛወዝ የጀመረው ቦዝማን ከተማ ልንደርስ ስንል፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ፒካፓችንን እንደ ጥጃ ወዲያና ወዲህ ጎትቶ ከመንገድ ዳር ጣለን። አባባም እኔም ተርፈናል። ከሰላምታ በፊት ወሬ ማስቀደሜን ይቅር በለኝ፤ አንተስ በአላስካው ባሕር ብርዱን እንዴት ቻልከው?

ተጎታች ቤቱን ስንገዛ ለሻጩ ነግሬው ነበር። በፒካፑ የሾፌር በር ላይ የተለጠፈውን የመጫን አቅም አሳይቼው፣ "ተጎታቹ በመኪናው ጀርባ ላይ የሚጥለው ክብደት፣ እኛ፣ ውሻው፣ ዕቃው ሲደመር ከዚህ ያልፋል" ስለው፣ "አይ የኔ ቆንጆ፣ ይህ መኪና እኮ ተራራም ይጎትታል!" ብሎ ሳቀብኝ። አባባም አብሮት ሳቀ። ምህንድስና መማሬን ማንም አላስታወሰልኝም።

አሁን አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ "የነዳችው ማሪት ናት" ይላል። መሪውን የያዘው እሱ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ "አባባ፣ ፍሬኑን አትርገጥ፣ መወዛወዙ ይብሳል!" እያልኩ እጮህ ነበር። ብሞግተው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ልጄ፣ ጥፋትን ማመን ደግ ነው" አለኝ። ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቃለህ። ይህን ሲል ግን አልቀላም፤ እውነት መስሎታል።

ቅዳሜ ተጎታቹን ይዤ እንደገና ልሂድ ይላል። የመኪናው ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ቤቱን ሁሉ እየበረበረ ይፈልገዋል፤ እኔም አብሬው እየዞርኩ እፈልጋለሁ። እራት ላይ ሁለታችንም የምናወራው ከውሻው ጋር ነው።

ማዕበሉ ይራራልህ፣ መርከባችሁም በደህና ወደብ ትግባ። ጥፋተኛ መባሉን እችለዋለሁ። በስልክ "አባባ እኮ ድሮም እንዲህ ነው" እያልክ ብቻዬን እንድትተወኝ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትህ ማሪት