ለዳማ ያስተማርሁት ንክሻ

ደባርቅ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን

ዛሬ ውሻዬ ዳማ አብሮ አደጌን ተገኘን ክንዱን ዘነጠለው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ኃይለኛ ውሻ ለጥበቃ ሳሠለጥነው፣ እንዳይጎዳኝ ብዬ ክንዴን በበግ ለምድ ጠቅልዬ አስነክሰው ነበር። ተገኘ ደግሞ ብርዱን ፈርቶ የራሱን የበግ ለምድ ደርቦ ሊጠይቀኝ መጣ። የዳማን ሰንሰለት ማሳጠር ሲገባኝ፣ «ግባ እንጂ፣ ያንተን አጥንት ውሻም አይመኘውም» ብዬ ቀለድሁበት።

ጤና ጣቢያ ሲሰፉት፣ ተገኘ «ተማሪህስ ጎበዝ ነው፤ ሰነፉ መምህሩ ነው» አለኝ። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል።

ማታ ጎረቤቶቼ ዳማ ነገ ይገደል አሉ። አልተከራከርሁም። ከእኔ በቀር የሚጠጋው ሰው ስለሌለ፣ ሲገድሉት ሰንሰለቱን የምይዝላቸው እኔው ነኝ።